ሰሌዳዬና ጠያቂዎቼ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ባለው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቴ፣ ከእኔ ሌላ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሜ መዘርዘር ይገባኛል፤ በኋላ ማን ነበረ፣ ማን አልነበረም የሚል ክርክር እንዳይነሣ። የእህቴ ልጅ ሰብለ ነበረች። የሥራ ባልደረባዬና ወዳጄ ተኽለ ነበረ። የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ጌታሁን ነበሩ። ወይዘሮ አመለወርቅ ነበሩ፤ እርሳቸው ካሉ ሌላውን መጥራት ለደንቡ ያህል ነው። አንድ ቄስ ነበሩ። ከእነዚህ በተጨማሪ ሃያ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ዐሥራ አንዱን በስም፣ ዘጠኙን በመልክ አውቃቸዋለሁ። የቀሩትን ስድስቱን እስከ ዛሬ አላወቅኋቸውም፤ ከነርሱም አንዱ ከሁሉ ይልቅ አምርሮ አለቀሰልኝ። ስድስት ፔርሙስ አጥሚትም ነበረ። ሰው ባይሆንም ቦታ ስለያዘ ቈጥሬዋለሁ።

እኔ ግን አልታመምሁም ነበር። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር በዚያ ቀን ቆሜም ተቀምጬም፣ በለሆሳስም በጩኸትም ተናግሬአታለሁ፤ አንድም ሰው አላመነኝም። «ታምሜአለሁ» ያለ ሰው ወረቀት አምጣ በሚባልበት አገር፣ «ደህና ነኝ» ማለት ይህን ያህል ማስረጃ ይጠይቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ከአንዲት ሰሌዳ ነው። በአገሬ ሳለሁ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አስተምር ነበር። ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ ዴንቨር መሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሃያ ዓመት ተቀመጥሁ። ዳስ ለዝምታ የተመቸ ነው፤ ሾፌሩ ቲኬቱን ይሰጣል፣ እኔ ማገጃውን አነሣለሁ፣ ከዚህ ያለፈ የሚያነጋግር ጉዳይ የለንም። ዝምታውን መጀመሪያ የመረጥሁት እኔ አልነበርሁም፤ ኋላ ግን እንደ ካፖርት ለመድሁትና በበጋም አላወልቅ አልሁ። ከዕለታት አንድ ቀን ዳሱን አፈረሱና ማሽን ተከሉበት። ሌላ ሰው ቢሆን ያዝን ነበር። እኔን ግን የያዘኝ ጉጉት ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራሁትን ሥራ በአንድ ቀን የተረከበው ምን ዓይነት ፍጡር ይሆን ብዬ ጠጋኝ ሊከፍተው ሲመጣ አጠገቡ ቆምሁ። ውስጡ ያለው የእጅ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ነበረች። ከዚህች በርካሽ እሠራለሁ አልሁ። ትዕቢት መሆኑን አልክድም።

ተኽለ አስመራ ተወልዶ በአማርኛ የተማረ፣ ቀን ቀን ሰው ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ፣ እጁ ለብየዳ፣ አፉ ለተረብ የተፈጠረ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ደክመን የመጫወቻ ካርታ የምታክል ኮምፒውተር ሠራን። አካሏ በሙሉ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ነው፤ ስክሪንም የላት፣ የፊደል ገበታም የላት። ሥራዋ መብራትን፣ ማሞቂያን፣ የበር ደወልን ከኢንተርኔት ጋር እያገናኘች ማዘዝ ነው። ከገበያው ሁሉ የረከሰች እንድትሆን ስለፈለግን ሊቀነስ የሚችለውን ሁሉ ቀነስን፤ ያስቀረንላት ጌጥ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ናት፤ እርሷንም በሕይወት መኖሯን ብልጭ ድርግም እያለች እንድትነግረን ብለን ነው። እኔ ደግሞ የአጠቃቀም መመሪያዋን በአማርኛ ጻፍሁ፤ ዘጠና ሁለት ገጽ፣ ከነመግቢያው። በሃያ ዓመት ውስጥ ስሜን የጻፍሁበት የመጀመሪያው ሥራ ያ ነው።

ተኽለ መግቢያውን አንብቦ፣ «ይሄ መግቢያ ነው ወይስ መውጫ የጠፋበት ሰው?» አለኝ።

ፋብሪካው ከሁለት መቶ ሰሌዳ በታች አልሠራም አለ። ሰብለ መላ አመጣች። ገና ያልተሠራን ዕቃ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አስቀድሞ እያዘዘ እንዲሠራ የሚያደርግበት ገጽ አለ። ሕጉም ቀላል ነው፤ በተወሰነው ቀን ሁለት መቶ ሰው ካዘዘ ሰሌዳዋ ትሠራለች፤ አንድ እንኳ ከጎደለ የሁሉም ገንዘብ ይመለሳል፣ ሰሌዳዋም ትቀራለች። ያዘዘ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድረስ መሰረዝ ይችላል። የእኛ መጨረሻ ያቺ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነበረች።

«ጋሼ፣ ፔጁን ክሪኤት አድርጌዋለሁ። የቀረው የእርስዎ ፎቶ ነው» አለችኝ።

«የሰሌዳዋን ፎቶ አድርጊ።»

«የቦርድ ፎቶ ማንም ክሊክ አያደርግም። ሰው የሚያየው ሰው ነው።»

«የእኔ ምኑ ይታያል?»

«ጋሼ ደግሞ! ስቶሪ አለዎት እኮ!»

ስቶሪ እንዳለኝ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ፎቶ አነሣችኝ። የጾም ሰሞን ነበርና ጉንጬ ገብቷል። ማሞቂያው ተበላሽቶ ነበርና ጋቢ ደርቤአለሁ። ሰሌዳዋን በመዳፌ ይዤ በመስኮቱ አሻግሬ እመለከታለሁ፤ ሽቦዎቿም ወደ እጅጌዬ ገብተው ይጠፋሉ። የምመለከተው ከታች መኪናውን በሰው ቦታ ፓርክ ሊያደርግ የሚታገለውን ተኽለን ነበር፤ ፎቶው ላይ ግን ዘላለምን የምመለከት እመስላለሁ። ሰብለ «ዋው!» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሠላሳ አንድ ሰው አዘዘ፤ አንዱ ተኽለ ነው፣ ሁለቱ ሚስቱና አማቱ ናቸው። ከዚያ የመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ ቁጥሩ መቶን አለፈ። ዐርብ ጧት ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ሆነ። አንባቢ ሆይ፣ የሞኝነቴን ልክ ላሳይህ፤ እኔ ሕዝባችን የዕቃዎችን ከኢንተርኔት መገናኘት ጥቅም በሁለት ቀን ውስጥ የተረዳ መሰለኝ። መመሪያው በቂ አይሆንም ብዬ ሁለተኛ ቅጽ ጀመርሁ። መስተዋት ፊት ቆሜም ተማሪ ለሚሞላው አዳራሽ የምናገረውን ተለማመድሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ አመለወርቅ ነበሩ፤ ከኋላቸው ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ደረጃውን ሲወጡ ሲያለቅሱ እሰማ ነበር። በሩን ስከፍት ግን ዕንባቸውን እንደ ቧንቧ ዘጉት።

«መምህር! ኧረ ደህና ነዎት እኮ! ምን ሆኑና! ምንም አልሆኑም!»

«ምንም አልሆንኩም» አልሁ።

«እሱን እኮ ነው የምልዎ!» አሉና አቅፈው ከሚገባው በላይ ያዙኝ።

ገቡ። ሙዝ ገባ፣ ብርቱካን ገባ፣ አጥሚቱም በተራው ገባ። ወንበሬ ሦስት፣ ሶፋዬ አንድ ነው፤ ሰዉ አልጋዬን፣ የመስኮቱን ደፍ፣ የመጻሕፍት ሣጥኖቼን ተከፋፈለ። ከዚያም ሁሉም ተመለከተኝ። ደረቁ አየር ጉሮሮዬን ነካኝና አንድ ጊዜ አሳለኝ። «እግዜር ይማርዎ» የሚል ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን ተነሣ፤ አንዲት ሴት ፊቷን አዞረች።

«ምን ነክቷችሁ ነው? እኔ እኮ አልታመምኩም» አልሁ።

እዚህ ላይ ስለ ልማዳችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ክፉ በሽታ የያዘው ሰው ስለ በሽታው የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነው። ሐኪሙ ለቤተሰብ ይነግራል፤ ቤተሰብ ለጎረቤት ይነግራል፤ ጎረቤት ለአገር ይነግራል፤ ለበሽተኛው «ጉንፋን ነው» ይባላል። በሽተኛው ቢያውቅም ደግሞ ወዳጅ እንዳይሳቀቅ ይደብቃል። ስለዚህ «አልታመምኩም» የሚል ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አልተነገረውም፣ ወይ እየደበቀ ነው። ጤነኛ ሊሆን ይችላል የሚል ሦስተኛ መንገድ የለም። ቤቴም ወዲያው በሁለት ወገን ተከፈለ፤ ሳሎኑ «እየደበቀ ነው» ባዮችን፣ ኩሽናው «አልተነገረውም» ባዮችን ያዘ። የኩሽናዎቹ ሹክሹክታ ወደ ሳሎን ይሰማ ነበር።

አቶ ጌታሁን ክንዴን ይዘው ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ።

«መምህር፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው... ሰው መቼም ሰው ነው።»

«ልክ ነው።»

«እንግዲህ እድራችን ሁሉንም ያስተናግዳል። እዚሁ ነው ወይስ አገር ቤት?»

«ምኑ?»

«እንዲያው በአጠቃላይ» አሉ፣ ወደ ፒዮሪያ ስትሪት መኪኖች እየተመለከቱ።

ያን ጊዜ ሰብለ ፊቷ ተለዋውጦ መጣችና ስልኳን ሰጠችኝ። ገጻችን በእድሩ የስልክ ግሩፕ ተላልፏል። ከፎቶዬ በላይ አንድ ደግ ሰው፣ «መምህራችንን እንድረስላቸው፤ ወገን የለኝም እንዳይሉ» ብሎ ጽፏል። ከፎቶዬ በታች ገጹ ራሱ፣ ማክሰኞ ሲተላለፍ እንደነበረው፣ «አራት ቀን ቀርቷል» ይላል። በእኛ ዘንድ የአረጋዊ ፎቶ ያለበት ገጽ ስልክ ላይ ሲደርስ ማንም አያነበውም። ከንፈር ይመጠጣል፣ ይከፈላል፣ ለሌላው ይላካል። ቸርነት ማንበብን አይጠይቅም፤ እንዲያውም ማንበብ ቸርነትን ያዘገየዋል።

ከሁለት መቶ ዐሥራ ሁለቱ ሰዎች አብዛኞቹ ያዘዙት ሰሌዳዬን አልነበረም። ያሳከሙት እኔን ነው።

ተኽለ መታጠቢያ ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋው። ሳቁን ለመግታት ፎጣ ነክሷል።

«ስማ» አለኝ። «እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ዝም በል።»

«ማታለል ነው።»

«ማን አታለለ? አልታመምኩም ብለሃል። እኔ ራሴ ሰባት ጊዜ ሰምቼሃለሁ። ያላመኑህ እነሱ ናቸው። ሃያ ዓመት ዝም ያልክ ሰውዬ ሦስት ሰዓት ያቅትሃል?»

«ቦርዷን እኮ አያውቋትም ተኽለ። አንዳቸውም አያውቋትም።»

«ስትደርሳቸው ያውቋታል! በፖስታ ስትመጣላቸው ከፍተው ያዩዋታል። አንተ ብቻ ትንሽ ሳል።»

አለመፈተኔን አልናገርም። ዝም ማለት ልማዴ ነው፤ ዝም ብዬ ብቻ ሰሌዳዬ ትወለድ ነበር። ያላስቻለኝም ሐቀኝነቴ ብቻ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ የቆሰለው ክብሬ ነው። በሁለት ዓመት ሥራዬ ሳይሆን በጉንጬ መግባት ሁለት መቶ ሰው አገኘሁ። ፎጣውን ከአፉ ነጥቄ ወጣሁ።

ሳሎኑ መሐል ቆሜ፣ «ወገኖቼ» አልሁ። እንደ ተለማመድሁት ከኤሌክትሪክ ታሪክ ጀመርሁ። ሰው ያለውን ዕውቀት ለሚመጣው ትውልድ ማስተላለፍ እንደሚገባው ተናገርሁ። ይህች ሰሌዳ ከእኔ በኋላም የምትኖር ሥራዬ ናት አልሁ። ቀና ስል አቶ ጌታሁን መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፤ ያ የማላውቀው ሰው ትከሻው እስኪርገፈገፍ ያለቅሳል፤ ሦስት ሰዎች በስልካቸው ቪዲዮ ይቀርጹኛል። ለካ በወግ የተናገረ ሰው ሁሉ የሚናዘዝ ይመስላል።

ቄሱ ተነሡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል። ሰሌዳዋ ከወንበሬ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሆና ቀይ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፤ ሰዉ ሁሉ ከመጣ ጀምሮ በሥጋት ሲመለከታት ነበር። ከኩሽና በኩል አንዲት ሴት፣ «ልባቸውን የምታነብ ናት» ስትል ሰምቻለሁ።

«አባ፣ ወደዚያ በኩል ባይረጩ...» ብዬ ሳልጨርስ ረጩ።

ጸበሉ እኔን ምንም አላደረገኝም፤ ሰሌዳዋን አገኛት። «ቸስ» የሚል ድምፅ ተሰማና ቀይዋ መብራት ጠፋች።

የወይዘሮ አመለወርቅ ጩኸት በዴንቨር በኩል ያለው ሴንትራል ፓርክ ባቡር ጣቢያ ሳይደርስ አልቀረም። «ሄዱ! ሄዱብን!» ስምንት እጆች ይዘውኝ ሶፋው ላይ አጋደሙኝ። አንዱ ጫማዬን አወለቀ፤ አንዱ በመመሪያዬ መግቢያ አራገበልኝ፤ አንዱ አጥሚት በማንኪያ አቀረበልኝ። የሠራናት አንዲት ሰሌዳ እየጨሰች፣ እኔ አፌን ተይዤ አጥሚት ዋጥሁ። ከዚያ ግን ሃያ ዓመት ያጠራቀምሁት ድምፅ ወጣ።

«ተቀመጡ!»

ሁሉም ተቀመጠ፤ ወለሉ ላይ ጭምር።

«ይህን ገጽ ያነበበ ማነው? እጁን ያውጣ!»

ቄሱ ብቻ እጃቸውን እስከ ትከሻቸው አነሡ። «አርእስቱን» አሉ።

«አርእስቱ ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው ልጄ።»

«ሠላሳ ሰው አንድ ገጽ ሳያነብ ተሰልፎ ይመጣል? ገንዘብ የላካችሁት ለኮምፒውተር ነው! ለዚች! እኔ ደህና ነኝ፤ ጉንጬ የገባው ስለጾምኩ ነው፤ እናንተም ብትጾሙ ይገባ ነበር!»

ወይዘሮ አመለወርቅ ቀስ ብለው ዕንባቸውን ጠረጉና አስተያየታቸውን ሰጡ። «እንዲህ የሚሳደብ በሽተኛ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ጤነኛ ናቸው።»

ከሐኪም ወረቀት የበለጠ ተቀባይነት አገኘ። ሳሎንና ኩሽና በአንድ ድምፅ አመኑ። ማመን ግን መደሰት አይደለም። ያ የማላውቀው አልቃሽ ዓይኑ እንደቀላ ተነሣና፣ «ታዲያ ያለቀስኩትስ?» አለኝ። ሙዙን ይዞ ሄደ።

ሰዉም ስልኩን አወጣ። መሰረዝ እንደሚቻል የነገርኋቸው እኔው ነኝ፤ እንዴት እንደሚሰረዝ ግን ያንን ገጽ ማንበብ የሚጠይቅ ስለነበር አንድም ሰው አላወቀውም። ስለዚህ እየዞርሁ አሳየኋቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ የሰጠሁት የመጀመሪያ ትምህርት የገዛ ሥራዬ እንዴት እንደሚፈርስ ነበር፤ ተማሪዎቼም ጎበዞች ነበሩ። እነርሱም በየቤቱ ላሉት ደውለው አስተማሩ። ሁለት መቶ ስምንት። ሁለት መቶ አራት። ሁለት መቶ ላይ ሲደርስ አቶ ጌታሁን ስልካቸውን ወደ ዓይኔ አስጠግተው፣ «መምህር፣ ይቅርታ፣ ይቺን ነው የምጫነው?» አሉኝ።

ተኽለ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሆኖ በዓይኑ ለመነኝ።

«አይ፣ ከበታቿ ያለችውን ነው» አልኋቸው። ተጫኑ። መቶ ዘጠና ዘጠኝ። እጄን ጨብጠው፣ «እንኳን ተረፉ» አሉኝ፤ ኤርፖርት የሚያደርሱት ሰው ስለነበራቸውም ቸኩለው ወረዱ።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መቶ አርባ ሰባት ነበርን። ገጹ ያለ አንዳች ሐዘን ተዘጋ። ሰብለ «ሶሪ ጋሼ» ብላ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ደረጃው ጫማ በጫማ ሆኖ ቆየና ጸጥ አለ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ግን፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ አልተነሡም። ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሰሌዳ በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጓት።

«መምህር፣ ይቺ ነገር ምድጃ ታጠፋለች?»

«ምን ዓይነት ምድጃ?»

«የኔን ነዋ! ሽሮ ጥጄ ሥራ እየሄድኩ ሁለቴ ፋየር ትራክ መጣብኝ። ማኔጀሩ ሦስተኛ ከመጣ የቤት ኪራይ ሊዝሽን ካንስል አደርገዋለሁ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኜ ቀኑን ሙሉ 'ዘግቻለሁ፣ አልዘጋሁም' ስል ነው የምውለው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።»

በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ ዕውቀቴ የተጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ማንም እግዜር ይማርዎ አላለኝም።

«ታጠፋለች። የኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ ሥራ ቦታ ሆነው በስልክዎ ያጠፉታል። ገጽ ሠላሳ ሰባት ላይ...»

«ገጹን ይተዉት። እርስዎ ይንገሩኝ።»

«በአጭሩ መምህር! በአጭሩ!» አለ ተኽለ፣ ሰሌዳዋን በፀጉር ማድረቂያ እያናፈሰ። አልነቃችም። «ትሙት፣ ለወይዘሮ አመለወርቅ ሌላ እንበይዳለን» አለ።

«ለኔም» አለ ከመጻሕፍት ሣጥኔ ላይ ያልተነሣ ሌላ የማላውቀው ሰው። «እናቴ ብቻዋን ነው የምትውለው።»

ቄሱ መመሪያዬን ከወለል አንሥተው ከመግቢያው ማንበብ ጀምረዋል። ወንበር ሳብሁ። ሰዓቱን ሳላይ ብዙ ተናገርሁ፤ ካሰብሁትም በላይ ሳላሳጥር አልቀርም፣ አንድ ሰው ብቻ ነውና ያንቀላፋው።

ፋብሪካው የፈለገው ሁለት መቶ ሰው ነበር። ከዚያ ሁሉ ጠያቂ ግን በዚያ ምሽት እቤቴ የቀሩት፣ ሰብለንና ተኽለን ጨምሮ፣ ዘጠኝ ናቸው። እኔ ስጨመር ዐሥር እንሆናለን፤ ልጨመርም ይገባኛል፣ ቀርቻለሁና።